ጋሽ ላጣራና የጀልባዋ ሽንት ቤት

በየቤተሰቡ አንድ ላጣራ አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ ራሳችሁን ተመልከቱ። ላጣራ ማለት ዣንጥላ ለመግዛት ክረምቱን ሙሉ የጨርቅ ዓይነት ሲያጠና ከርሞ፣ ምርጡን ዣንጥላ ይዞ ብቅ ሲል ፀሐይ የሚቀበለው ሰው ነው። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ ድረስ ያነባታል፤ አንብቦ ሲጨርስ ጉንፋኑ ለቆታል። ሰነፍ አይደለም፣ ክፉም አይደለም፤ ቋጣሪ ነው እንዳትሉት ደግሞ ለሰው እጁ የተፈታ ነው። ነገሩን ገና አጣርቶ አልጨረሰም እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ለአንድ ቧንቧ ሠራተኛ የደረሱት ላጣራ የታላቅ እህቱ ባል ነበሩ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚጠራው የጡረታ ቢሮው ብቻ ነው፤ ለቀረው ሰው «ጋሽ ላጣራ» ናቸው፤ ወደብ አካባቢ ደግሞ ማዕረጋቸው ከፍ ብሎ «ክቡር ላጣራ» ይባላሉ። ምን ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እስቲ ላጣራና።» ሻይ ይጠጣሉ ሲባሉ እንኳ ቅጠሉ የት እንደተለቀመ ሳይጠይቁ ስኳር አይጨምሩም። እህቱን ለማግባት ሁለት ዓመት አጣርተዋል። ምን እንዳጣሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እህቱ ግን በየድግሱ ታነሣባቸው ነበር፦ «ሁለት ዓመት አጣርቶ እኔን ካገባ፣ ማጣራቱን አያውቅበትም ማለት ነው!»

ቧንቧ ሠራተኛው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሽንት ቤት እንደተከለ ቁጥሩን ትቶታል። መቀመጫውን አሳርፎ፣ ሲፎኑን አጥብቆ፣ ውሃ ለቆ አይቶ፣ እጁን ታጥቦ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ሽንት ቤት ሲመረጥ አራት ዓመት ቁጭ ብሎ ተመልክቷል። እርር ድብን አለ ቢባል አይበዛበትም።

ጀልባዋ ስድስት ሜትር ነች፤ ባለ አንድ ሸራ። ጋሽ ላጣራ ጡረታ እንደወጡ ገዟት፤ መግዛቱም የራሱን ዘመን ፈጅቷል። እህቱ ልብስ ሰፊ ነበረችና የተቀደደውን ሸራ በራሷ የስፌት መኪና ጠገነችው። የቤታቸው የወጥ ቤት መስኮት ሐይቁን ነው የሚያየው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ድስት እያማሰልኩ ውሃውን አየሁት» ትል ነበር። «አንድ ቀን ደግሞ ውሃው ላይ ተቀምጬ ቤቴን ልየው። ከዚያ ማዶ ምን እንደምመስል ማወቅ አለብኝ።» የፈለገችው ይህንን ብቻ ነበር። ልቧ ግን ደከመ፤ ሐኪሙ ውሃውን ከሰውነቷ የሚያስወጣ ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኑን የዋጠች ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ትነሣለች። ጀልባዋ ወደ ማዶ ሄዳ እስክትመለስ ነፋሱ ቢያግዝ እንኳ ስድስት ሰዓት ነው። እንግዲህ ሽንት ቤት ግድ ሆነ፤ ጀልባዋ ውስጥ ደግሞ ያልተያዘ ቦታ ከፊት በኩል አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች፤ ስድሳ በሰባ ሳንቲሜትር።

እዚህ ላይ ለጋሽ ላጣራ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። የጀልባ ሽንት ቤት እንደ ቤት አይደለም፤ ቆሻሻው የሚወርድበት መሬት የለም። ወይ አጠራቅሞ ይዞ መመለስ ነው፣ ወይ ሐይቁ ውስጥ መልቀቅ። ጋሽ ላጣራ ደግሞ በውሃ ምርመራ ክፍል ሠላሳ ዓመት ያንኑ ሐይቅ በጠርሙስ እየቀዱ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የወደቡ ዘበኛ አንድ ጊዜ «ማን ያያል፣ ወደ ውሃው ልቀቁት!» ቢላቸው ሦስት ወር ሰላምታ ነፈጉት። ስለዚህ ምርጫው ሦስት ላይ ቆመ፤ ሦስቱም ላይ ጋሽ ላጣራ ዘመቱ።

አንደኛው እንደ ሻንጣ የሚያዝ ነው። ከላይ መቀመጫና ንጹሕ ውሃ፣ ከታች የቆሻሻው ሳጥን፤ ሲሞላ ሳጥኑን ነቅሎ ሐይቁ ዳር ካለው ሽንት ቤት መድፋት ነው። ጋሽ ላጣራ ሳጥኑ ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ለማወቅ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክመው ከጀልባዎቹ መቆሚያ እስከ መንገዱ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ፤ ሳምንቱን ወገባቸውን ይዘው ተኙ። ሁለተኛው በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ያለው ሲሆን ቆሻሻው በጎማ አልፎ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ይኸኛው የጀልባዋ ሆድ መበሳት አለበት፤ ታንከሩን የሚመጥጥ መሣሪያ ደግሞ ወደቡ ላይ የለም። መቼ እንደሚመጣ ለወደቡ ጽሕፈት ቤት ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለዘጠነኛው መልስ መጣ፤ ደብዳቤው ደርሷል ይላል። ሦስተኛው ደረቁ ነው፤ ሽንቱ ለብቻው ወደ ጠርሙስ፣ የቀረው ሰጋቱራ ወዳለበት ባልዲ። ለዚህኛው ከሦስት አናጢዎች ሦስት ዓይነት ሰጋቱራ አስመጡና በአጥሩ ሥር ሦስት ባልዲ ደረደሩ። ባልዲዎቹ ውስጥ ምን እንደነበረ ጎረቤቶች ሳይነገራቸው አወቁ።

የጀልባ ዕቃ ሻጩ ሲመጡ ካያቸው በጓሮ በር ይሾልካል። እህቱ ግን የምትሾልክበት በር የላትም። አንድ እሑድ ከሰዓት ቧንቧ ሠራተኛው ሊጠይቃት ሲመጣ ሳሎኑ መሐል ወለሉ ላይ በጠመኔ ስድሳ በሰባ ተሰምሮ፣ ዙሪያው በአንሶላ ተጋርዶ አገኘ። መሐሉ ላይ ክብ እንጨት ተጋድሟል፤ በእንጨቱ ላይ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ በርጩማ፣ በበርጩማው ላይ እህቱ። ጋሽ ላጣራ የሳንቃውን ጫፍ በእግራቸው ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ ማዕበል ይሠራሉ።

«አሁን መለስተኛ ነው። ተመቸሽ?»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ልትደፋኝ ነው!»

«መያዣ ያስፈልጋል ማለት ነው። በየት በኩል ይሁን?»

«በአንተ በኩል!» አለችና እጃቸውን ለቀም አድርጋ ያዘች። ከት ብላ ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት፤ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ፣ «ተወኝ፣ ተወኝ፣ እውነተኛው መጣ!» ብላ አንሶላውን ጥሳ ሮጠች። ያኔ መሮጥ ትችል ነበር። ጋሽ ላጣራ ሰዓታቸውን አይተው ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሦስተኛውም አለፈ። የእህቱ እግር ማበጥ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ላጣራ ስልክ ደውለው፣ «ዛሬ እንወስናለን፣ መሣሪያህን ይዘህ ና» አሉት። ቧንቧ ሠራተኛው የያዘውን ሥራ አስተላልፎ፣ ከረጢቱን አንግቶ ከነፈ። ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ ጎማ በሙቅ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ሽታ የሚያሳልፍ ጎማ የሚለየው እንደዚያ ነው፤ ጎማው በሙቅ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይና ጨርቁ ይሸተታል። ጋሽ ላጣራ አንዱን ጨርቅ አፍንጫቸው ሥር ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እስቲ አንተም አሽትትልኝ። ይሄኛው ከዓመት በኋላ ያስተላልፋል ብዬ ጠርጥሬአለሁ።»

ቧንቧ ሠራተኛው እህቱን አየ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች፤ ቁርጭምጭሚቷ የት እንዳለ አይለይም። ዓይኑ ደም ለበሰ።

«ከዓመት በኋላ? ጋሼ፣ እርስዎ ሲያጣሩ እትዬ ታልቃለች!»

ጋሽ ላጣራ ጨርቁን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አልተቆጡም፤ ምነው በተቆጡ። የተቆጣችው እህቱ ነች። «ውጣልኝ ከቤቴ» አለችው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ብላው አታውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ራሷ ደወለችለት። ባሏ ዐሥረኛውን ደብዳቤ ሊያደርሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደዋል፤ በመኪና መጥቶ ወደ መቆሚያው እንዲያደርሳት ፈለገች። «ሳልነግረው ጀልባዋን ልሞክራት» አለች። ክንዱን ይዛ እያረፈች እያረፈች ሄደች። ከመቆሚያው ወደ ጀልባዋ አንድ እርምጃ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ሦስት ደረጃ። እህቱ እግሯን አነሣች። እግሯ ከሳንቃው ላይ አንድ ስንዝር ተነሣና ተመለሰ። ደግማ ሞከረች። በሦስተኛው እዚያው መቆሚያው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሰውየው ምን ይበል? ሙያው ቧንቧ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ያዘ።

አልቅሳ ሲወጣላት ቀና አለች። «የዚህን ጉድ እይ» አለች። «ለካ የሽንት ቤቱ ነገር አይደለም፤ ሽንት ቤቱ ጋ መድረሱ ነው!» ብላ ሳቀች፤ እሱንም አሳቀችው።

«እትዬ፣ እኔ አዝዬሽ እወርዳለሁ።»

«አዝለኸኝ ስትወርድ እሱ ያያላ። ዛሬ የሚያስበው ስለ ጎማ ነው፣ ስለ ፓምፕ ነው። ማታ ማታ ወረቀቱን ይዞ አጠገቤ ይቀመጥና ያነብልኛል፤ እኔ እጠይቀዋለሁ፣ ይመልሳል። አንተ እንደዚያ ስትጮህበት ምን ሆነ መሰለህ? ሁለት ቀን ሙሉ እግሬን ብቻ ሲያይ ዋለ። እግሬን እንዲያይ አልፈልግም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያጣራ። እኔ እስካለሁ ያጣራ። አንተም ታግዘኛለህ።»

«ጋሼ ካወቁስ?»

«አያውቅም። ብሞትም እንዳትነግረው። በእኔ ሞት በል።»

በእሷ ሞት ማለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያጣሩት ሦስት ሆኑ። ጋሽ ላጣራ ወደ አንዱ ማዘንበል ሲጀምሩ እህቱ ከመስኮቱ ሥር፣ «ክዳኑ ሲዘጋ ድምፅ የለውም?» ትላለች፤ አንድ ሳምንት ተገኘ። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ በሙያው ያግዛል፤ «መተንፈሻው ጠበብ አላለም?» ይላል፤ ሁለት ሳምንት። ሰውየው በደስታ ይበራሉ፤ በዕድሜያቸው የሚያጣራላቸው ሰው አግኝተው አያውቁማ። እህቱ መሳቅ ጀመረች፤ አመጋገቧም እንደ ድሮው ባይሆንም ተሻሻለ።

በአራተኛው ዓመት ማብቂያ ጉድ ፈላ፤ ላጣራ ወሰኑ። ቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ ሲመጣ እንደ ሻንጣ የሚያዘው ሽንት ቤት ከነላስቲኩ ሳሎኑ መሐል ቆሟል፤ ጋሽ ላጣራ እንደ አዲስ አባት ዙሪያውን ይዞራሉ። «አለቀ» አሉ። «የሚመጣው ሳምንት ነፋሱ ደህና ነው። እንሄዳለን።» እህቱ ከሰል መስላለች። ወንድሟን ትክ ብላ አየችው።

ቧንቧ ሠራተኛው ተንበረከከ። የላይኛውን ከታችኛው ለየና ጣቱን በማሸጊያው ጎማ ዙሪያ አስኬደ። እንደዚያ ያለ የረቀቀ ሥራ አይቶ አያውቅም፤ ከእሱ ዕድሜ በላይ የሚቆይ ጎማ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ማሸጊያ አያስተማምንም» አለ። «ጀልባዋ ስትናጥ ያፈሳል።» በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የደህና ዕቃ ስም ያጠፋው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ላጣራ ክው አሉ። ከዚያ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ተባረክ። አንተ ባትኖር ሐይቁን በክዬው ነበር፣ እሷንም አሳቅቄያት ነበር። ተባረክ» አሉት። ያ ምርቃት ቧንቧ ሠራተኛውን አንጀቱን በላው። ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሱቁ መለሰው።

በአምስተኛው ሳምንት እህቱ አረፈች። ጠዋት ነበር፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፤ ውሃው ጸጥ ያለበት ቀን።

ከቀብር በኋላ ጋሽ ላጣራ ማጣራት ተዉ። ዳቦ ቤት ገብተው የተሰጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሻይ ቢያቀርቡላቸው ይጠጣሉ፤ ቀዝቅዞ ቢያቀርቡላቸውም ይጠጣሉ። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ቀን የመብራት ሰዎች ያመጡትን ወረቀት ሳያነቡ ሲፈርሙ ተመለከተ። ሦስት ዓመት የለመነው እንዲህ እንዲሆኑለት አልነበር? አሁን ግን ሆነው ሲያያቸው እህቱ ሁለተኛ የሞተች መሰለው። ወዲያው ጀልባዋ ልትሸጥ ነው፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ፣ ያለ ክርክር፣ የሚል ወሬ ከዘበኛው ሰማ።

ወደ መቆሚያው ሄደ። ጋሽ ላጣራ ጀልባዋ ውስጥ ናቸው፤ ከታች፣ በዚያች ባዶ ጥግ ፊት ለፊት። ቧንቧ ሠራተኛው ሦስቱን ደረጃ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ልክ ነበርክ» አሉት ቀና ሳይሉ። «እርስዎ ሲያጣሩ ታልቃለች አልከኝ። አለቀች። አንድ ቀን ቤቷን ከውሃው ላይ ማየት ፈለገች፤ እኔ ጎማ ሳሸትት ሞተች።»

ሰውየው በእህቱ ሞት ምሏል። እህቱ ደግሞ ሞታለች። ዝም ቢል እኚህ ሰው ይህንን ተሸክመው ይቀበራሉ፤ ቢናገር እሷን መክዳት ነው። «ይቅር በይኝ እትዬ» አለ በልቡ፤ ከዚያ ነገራቸው። መቆሚያው ላይ የሆነውን፣ የተመለሰውን እግር፣ ክዳኑን፣ መተንፈሻውን፣ አንድም ሳያስቀር።

ጋሽ ላጣራ ባዶዋን ጥግ በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ማሸጊያው ጎማ ደህና ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና ነበር ጋሼ። እንደሱ ያለ አላየሁም።»

«ሠላሳ ሺህ ጊዜ ቢታጠፍ የማይሰነጠቅ ነው። አንብቤ ነበር። ግራ ገብቶኝ ነበር እኮ።» ወደ ደረጃው ተመለከቱ። «መቆሚያው ላይ የወጣችሁት መቼ ነበር?»

«ማክሰኞ። የመጨረሻውን ደብዳቤ የወሰዱ ቀን።»

«እንግዲህ ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ዓመታትስ?»

ቧንቧ ሠራተኛው መዋሸት ይችል ነበር። ግን ከእንግዲህ ለእኚህ ሰው ደህናውን መጥፎ፣ መጥፎውን ደህና ነው ላለማለት ቆርጧል። «ሦስቱ የእርስዎ ናቸው ጋሼ» አለ። «አራተኛው የእኛ ነው።»

ጋሽ ላጣራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ሞላ፤ እንባው በጉንጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። «ልክ ነው» አሉ። «ሦስቱ የእኔ ናቸው።» ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉና፣ «የትኛውን እግሯን ነው ያነሣችው?» አሉ።

«ቀኙን።»

«ቀኙ ነበር የሚብስባት። ምን ለብሳ ነበር?»

«ግራጫ ሹራብ። ያንን ክርኑ ላይ የጠገነችውን።»

«መቆሚያው ላይ ስትቀመጥ ፊቷ ወደ የት ነበር?»

ቧንቧ ሠራተኛው አሰበ። ከዚያ ትዝ አለውና ራሱም ደነገጠ። እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል ጀርባዋ ወደ ውሃው ነበር። ውሃው ውስጥ ከገባው መቆሚያ ጫፍ ሲታይ፣ ከጀልባዎቹ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው ቤት ከነመስኮቱ ፊት ለፊቷ ነበር።

«ወደ ቤት» አለ። «እስክንነሣ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። መጋረጃውን ማጠብ አለብኝ ብላለች።»

ጋሽ ላጣራ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከጀርባ ቢታይ አይለይም። ቧንቧ ሠራተኛው ከአሁን አሁን ዝም ሊሉ ነው ብሎ ሰጋ። በሕይወቱ የዚህን ሰው ጥያቄ የተማጸነው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሌላስ ጋሼ?» አለ። «ሌላ የሚጠይቁኝ የለም?»

«ምነው፣ ገና መች ጀመርኩና!» አሉ ጋሽ ላጣራ፤ ጠጋ ብለውም ቦታ ለቀቁለት።